ከመፈረምሽ በፊት

ልጄ፣ የላክሽልኝ ጥያቄ አጭር ነው። «ትምህርት ቤቱ ወረቀት ሰጥቶኛል፤ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሻል። በስልክ አንድ ቃል ተናግሬ ባልፍ በወደድኩ፤ ነገሩ ግን የልጅሽ ነገር ነውና አንድ ቃል አይበቃውም። አንብበሽ ስትጨርሺ ለባለቤትሽም ስጪው።

እንደምታውቂው ዳውን ሲንድሮም ያለባትን ልጄን ያሳደግኳት እዚሁ ሜሪላንድ ነው። እሷ ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ደግሞ በትምህርት ቤት ስብሰባዎች ላይ ለአገራችን እናቶች ሳስተረጉም ኖሬአለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ እናቶቻችንን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚጎዳቸው ከእንግሊዝኛቸው ይበልጥ ይሉኝታቸው መሆኑን ነው።

አይፈረድብንም። ያደግነው ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ «አደራ፣ ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» በሚል ወላጅ መካከል ነው። መምህር ያውቃል፣ ወላጅ ያመሰግናል፤ መምህር ፊት መከራከር ብልግና ነው። እዚህ አገር ግን የልዩ ትምህርት ሕግ እናትን የልጇን ዕቅድ ከሚወስነው ቡድን አባላት አንዷ አድርጎ ነው ያስቀመጣት። እንግዳ አይደለችም፣ ባለጉዳይም አይደለችም። ዝም ብላ ከወጣች ስብሰባው አንድ አባል ጎድሎት ተበተነ ማለት ነው፤ ያውም ልጁን ከሁሉም በላይ የምታውቀው አባል።

አንድ ጊዜ የሆነውን ላጫውትሽ፤ እናትየዋንም ትምህርት ቤቱንም በስም አልጠራም። ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ መጥታለች፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። የክፍል አስተማሪዋ፣ የልዩ ትምህርት አስተማሪዋ፣ ሳይኮሎጂስቱ፣ የንግግር ቴራፒስቷ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ሁሉም ወረቀታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እየተቀባበሉ ያነባሉ፤ ለማስተርጎም እንኳ ፋታ አይሰጡም። ሳይኮሎጂስቱ «ልጁ ቀላል ትእዛዝ አይቀበልም፣ ዕቃን በዓይነቱ መለየት አይችልም» አለ። እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሏት «የለኝም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ማስታወሻው ላይ «እናት ተስማምታለች» ተብሎ ተጻፈ። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ እጄን ጨብጣ ያዘችና «ኧረ እቤትማ ማንኪያውን ለብቻ፣ ሹካውን ለብቻ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጠው እሱ ነው! ‹ጫማህን አምጣ› ስለው ያመጣል እኮ» አለችኝ። ያመጣል፣ በአማርኛ ሲነገረው። ምዘናው የተደረገው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። «ተመልሰሽ ግቢና ይህንኑ ንገሪያቸው» ብላት «አሁንማ ያስቀይማል» አለችና ወደ አውቶቡሷ ሄደች።

አየሽ፣ በኮሪደር የቀረው ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ምዘናውን በሙሉ የሚያስከልስ ነበር። ሕጉ ልጅ ሲመዘን ትክክለኛ ችሎታውን በሚያሳይ ቋንቋ ይሁን ይላል፤ የማይቻልበት ግልጽ ምክንያት ካልኖረ በቀር። እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ አካል ጉዳተኛ ነው ማለትም አይፈቀድም። ይህ አንቀጽ እንዲሁ አልተጻፈም። በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳያና በሚባለው ክስ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዝግመት ያለባቸው ተማሪዎች ክፍል መግባታቸውን ወላጆቻቸው ተሟግተው አስቁመዋል። እነሱም እንደኛ ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ቤተሰቦች ነበሩ።

ሌላው ደግሞ እዚሁ አጠገባችን፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የተሠራ ነው። ትምህርት ቤቶቹ አካል ጉዳተኛ የሆኑ ወይም ያስቸግራሉ የተባሉ ልጆችን አንቀበልም ስላሉ ወይም ስላባረሩ፣ ሰባት ልጆች በወላጆቻቸውና በጠበቆቻቸው አማካይነት የከተማውን የትምህርት ቦርድ ከሰሱ። ክሱ ሚልስ ይባላል። ሰባቱም ጥቁሮች ነበሩ። ቦርዱ «ገንዘብ አጠረኝ» አለ። ዳኛ ጆሴፍ ዋዲ በ1972 በሰጡት ፍርድ፣ ገንዘብ ካጠረ እጥረቱ ከሌሎቹ ይልቅ በእነዚህ ልጆች ላይ ሊከብድ አይገባም አሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ፕሬዚዳንት ፎርድ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች በሙሉ ትምህርት የሚያረጋግጠውን ሕግ ፈረሙ። ዛሬ አይዲያ እያልን የምንጠራው፣ በ1990 ስሙ የተቀየረው ያው ሕግ ነው። ይህን የምተርክልሽ ታሪክ ላስተምርሽ ብዬ አይደለም። «በሰው አገር ተቀምጬ ይህን ሁሉ ብጠይቅ ነውር አይሆንም ወይ?» ስላልሽኝ ነው። አይሆንም ልጄ። የምትጠይቂው እንደ አንቺ ያሉ እናቶች ታግለው ያስከፈቱትን ነው። የመኖሪያ ወረቀትሽ ጉዳይ ገና መሆኑም አያስፈራሽ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ፕላይለር በተባለው ክስ፣ ልጆች ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም ተብለው ከሕዝብ ትምህርት ቤት ሊከለከሉ አይችሉም ብሏል።

አሁን ወደ ወረቀትሽ። «ፈርሚ» የሚባል ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም፤ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዪ። አንዱ ልጁ እንዲመዘን የምትፈቅጂበት ነው። ከነገርሽኝ እንደተረዳሁት ያንቺ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትዪ ፈርሚው። ለምዘና መፍቀድ ልጁ ልዩ ትምህርት ይግባ ማለት አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ፈቃድ ይጠይቁሻል። መፍቀድሽ ግን ሰዓቱን ያስጀምረዋል። በፌዴራሉ ሕግ ፈቃድሽን በሰጠሽ በ60 ቀን ውስጥ ምዘናው ማለቅ አለበት፤ ስቴቶች የራሳቸውን ገደብ ማውጣት ይችላሉና ያንቺን ጠይቂ። ልጁ አገልግሎት ይገባዋል ከተባለ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ዕቅዱን ለማውጣት መሰብሰብ ግድ ነው። ሳትፈርሚ የምትቀመጪበት ወር ሁሉ ከልጅሽ ዕድሜ ላይ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ወረቀት ስብሰባው ላይ መገኘትሽን ብቻ የሚያሳይ ነው። ሦስተኛው የዕቅዱ፣ አይኢፒ የሚሉት፣ አገልግሎቱ እንዲጀመር የምትፈቅጂበት ነው፤ የመጀመሪያው ዕቅድ ያለ አንቺ የጽሑፍ ፈቃድ አይጀመርም። ይህን እዚያው ቁጭ ብለሽ አትፈርሚ። «ወስጄ አንብቤ እመልሳለሁ» በይ። ማንም አይቆጣሽም፤ ቢቆጡም ቁጣቸው ያልፋል። በከፊል የምትስማሚ ከሆነ የማትስማሚበትን በጽሑፍ አስፍሪ። ከመጀመሪያው በኋላ በየዓመቱ የሚወጣው ዕቅድ ፊርማሽን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ስለዚህ ፊርማሽን ብቻ አትተማመኚ፣ ተቃውሞሽን በወረቀት ላይ አኑሪ።

ዕቅዱ ሲደርስሽ ገጹ ብዛቱ አያስደንግጥሽ። እኔ መጀመሪያ የማየው ግቦቹንና ደቂቃዎቹን ነው። ግብ ማለት ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ የት ይደርሳል የሚለው ነው። «የመግባባት ችሎታውን ያሻሽላል» የሚል ካየሽ ግብ አይደለም፤ ደረሰ አልደረሰ ማንም ሊለካው አይችልም። «ሲጠማው ውኃ እንዲሰጡት በሥዕል ካርድ ወይም በቃል ይጠይቃል፤ ከ10 ጊዜ 8ቱን፣ ማንም ሳያስታውሰው» የሚል ከሆነ ግን በሦስት ወሩ «የት ደረሰ?» ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ውኃውን ማን መረጠው? አንቺ ምረጪው። እቤት ውስጥ በየቀኑ የሚያስለቅሰውን ነገር፣ መጸዳጃ ቤትም ይሁን ጫማም ይሁን፣ ግብ አድርጊው። ልጄን እጇን ታጥባ እንጀራ ቆርሳ እንድትበላ ያደረጋት እንደዚህ ያለ ግብ ነው፤ «የትናንሽ ጡንቻዎች ቅንጅት» ብለው ነበር የጻፉት፣ እኔ ነኝ ወደ ማዕድ ያመጣሁት። ደቂቃዎቹ ደግሞ የንግግር ቴራፒው በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ፣ ለብቻው ወይስ ከሌሎች ልጆች ጋር፣ በማን እንደሚሰጥ የሚናገሩት ናቸው። ያልተጻፈ ደቂቃ አይሰጥም። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ቃል ካገኘሽ በቁጥር እንዲለውጡት ጠይቂ።

«አይ፣ ለዚህ ልጅ ይህን ያህል ከተራመደ ይበቃዋል» የሚል ቢመጣብሽም መልስ አለሽ። በ2017 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኦቲዝም ያለበት የኮሎራዶ ልጅ ባቀረበው የኤንድሩ ክስ፣ ለስም ያህል ብቻ ለውጥ የሚያመጣ ዕቅድ እንደማይበቃና ዕቅዱ ከልጁ ሁኔታ ጋር የሚመጣጠን ከፍ ያለ ዓላማ ሊኖረው እንደሚገባ በአንድ ድምፅ ወስኗል።

ቋንቋን በተመለከተ ልቤን የሚያቃጥለኝ ነገር አለ። ስንቷ እናት «እንግሊዝኛ ብቻ አናግሪው፣ ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል» ተብላ ልጇን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስታባብል አይቻለሁ! ኦቲዝምም ሆነ ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግራቸውን እንደሚያዘገይ አላሳዩም። የሚጎዳው የእናት ዝምታ ነው። በአማርኛ አውሪው፣ ዝፈኝለት፣ አያቱ በስልክ ታናግረው። ነፍሷን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው፣ የራሷን ልጅ ለማናገር የተነሣችው ከፊደላችን ድምፆች ነበር። እሷም አሜሪካ ኖራ ወደ አገር ቤት የተመለሰች እናት ነበረች፤ ልጆቻቸውን ጓዳ ደብቀው የነበሩ ስንት ቤተሰቦች በር የከፈቱት በእሷ ምክንያት ነው።

አስተርጓሚም መብትሽ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ነው የሚያመጣው፣ ክፍያውም የእሱ ነው። እንግሊዝኛሽ ለገበያና ለሥራ ቢበቃም እንኳ ጠይቂ፤ የሳይኮሎጂስት ሪፖርት የገበያ ቋንቋ አይደለም። ከስብሰባው አስቀድመሽ በጽሑፍ አሳውቂ። ታላቅ ልጅሽን አስተርጓሚ አድርገሽ አትውሰጂያት። ስለ ወንድሟ የሚነገረውን ከባድ ቃል በልጅ አፏ ማለፍ የለበትም፤ ደግሞም እንዳታዝኚ ብላ ትቀንስልሻለች። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኢትዮጵያዊት መሆንሽን ሲሰሙ አማርኛ አስተርጓሚ ይመድባሉ። ጎረቤትሽ ያቺ የአርሲዋ ልጅ ግን አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ ትግርኛም፣ ሶማሊኛም፣ ሐዲይኛም የሚናገሩ እናቶች አሉን። እኔ ራሴ አማርኛዬን እየሰማች በትሕትና ራሷን ስትነቀንቅ የነበረች እናት በኦሮምኛ ሰው ሲመጣላት ለአንድ ሰዓት ያለ ማቋረጥ ስታወራ አይቻለሁ። ንገሪያት፣ የራሷን ቋንቋ ትጠይቅ።

ስለ ሰው ወሬ ደግሞ። አማትሽ «እርግማን ነው» ማለቷን፣ ሌላዋ «እርጉዝ ሆነሽ ሌሊት ስትሠሪ» ማለቷን ጽፈሽልኛል። እናትን መውቀስ የኛ ሰው ብቻ አመል እንዳይመስልሽ። እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞችና ምሁራን ሳይቀሩ ኦቲዝም የሚመጣው ከእናት ፍቅር ማነስ ነው ይሉ ነበር፤ ብሩኖ ቤትልሃይም የተባለው በ1967 መጽሐፍ ጽፎበታል። የኦቲዝም ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ1964፣ ነገሩ ከሰውነት አፈጣጠር የሚመጣ እንደሆነ ጽፎ ነበር፤ ዛሬ ሳይንሱ የያዘው ይህንኑ ነው። አንቺ ልጅሽን አላሳመምሽውም። የሠራሽውም፣ ያልሠራሽውም አላመጣውም።

ጸበሉን አልቃወምም፤ እኔም ልጄን ይዤ ሄጃለሁ፣ ዛሬም እጸልይላታለሁ። ግን ጸበል የምዘናውን ቀጠሮ አያስቀርም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ባለቤትሽ «አጎቱም የተናገረው በአራት ዓመቱ ነው» ማለቱንም አትጣዪው፣ ፍርሃቱ ነው የሚያናግረው። ብቻ ምዘናው ይደረግ፣ እንደ አጎቱ ከሆነ ምዘናው ይነግረዋል።

ኦቲዝምን ያመጣው ክትባት ነው የሚለውን ወሬ ግን በቸልታ አላልፍም። ሚኒሶታ ያሉ የሶማሊ እናቶች ልጆቻቸው ላይ ኦቲዝም መብዛቱ አሳስቧቸው ጮኹ፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ2013 ባወጣው ጥናት ሚኒያፖሊስ ውስጥ ከ32 የሶማሊ ልጆች አንዱ፣ ከ36 ነጭ ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንደታየበት አገኘ። ኦቲዝም ካለባቸው መካከል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ጭምር የሚታይባቸው ከነጮቹ ይልቅ በሶማሊዎቹ ልጆች ዘንድ ይበዙ ነበር። እናቶቹ መልስ ሲያጡ ክትባት ነው የሚሉ ሰዎች ቀድመው ደረሱላቸው። ብዙዎች የኩፍኝ ክትባቱን ተዉት፤ በ2017 ኩፍኝ ገብቶ 75 ሰዎች ታመሙ፣ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሊ ልጆች ነበሩ። ፍርሃቱን የዘራው የ1998ቱ ጽሑፍ ሐሰት ሆኖ ተገኝቶ ላንሴት የተባለው መጽሔት በ2010 ሰርዞታል። ታናሽ እህቱን አስከትቢያት።

ስለ ወረቀት አያያዝ አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። እዚሁ የኛ ሰው ከሚበዛበት ከሞንትጎመሪ ካውንቲ የተነሣ፣ ሻፈር የተባለ ክስ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 በሰጠው ውሳኔ ዕቅዱ አይበቃም ብሎ የሚከስ ወላጅ ማስረጃውን የማቅረብ ሸክም የራሱ ነው አለ። አንዳንድ ስቴቶች በራሳቸው ሕግ ይህን ለውጠውታል፤ አንቺ ግን ሸክሙ ያንቺ እንደሆነ አድርገሽ ተዘጋጂ። ስለዚህ በአፍ የተባለ ሁሉ በማታው በኢሜይል ይከተል፤ «ዛሬ በስልክ እንዲህ ተባብለናል፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ» ብለሽ ላኪ። አማርኛሽን በስልክሽ ተርጉመሽም ቢሆን። ፋይል ግዢና በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጪ። በምዘናቸው ካልተስማማሽ በትምህርት ቤቱ ወጪ ገለልተኛ ሰው እንዲመዝነው መጠየቅ ትችያለሽ። ከዚያም ካልሆነ ለስቴቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ያለ ጠበቃ የጽሑፍ አቤቱታ ይቀርባል፤ ጥፋቱ ከተፈጸመ ዓመት ሳይሞላው መሆን አለበት፣ መሥሪያ ቤቱም በ60 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። በየስቴቱ የወላጆች ማሠልጠኛና መረጃ ማዕከል አለ፤ የሜሪላንዱ ዘ ፓረንትስ ፕሌስ ይባላል፣ እርዳታው በነፃ ነው።

ልጅሽ ገና ሕፃን ነው፣ ይህን መስማት ይከብድሽ ይሆናል፤ ግን አሁን ማወቅ ይሻልሻል። እያደገ ሲሄድ ትምህርት ቤቱ የሚያየው አንድ ጥቁር ወንድ ልጅ ነው። ጥቁር ተማሪዎች የስሜትና የጠባይ ችግር አለባቸው ተብለው ከሌሎች በበለጠ እንደሚመደቡ የፌዴራሉ መንግሥት መረጃ ራሱ ያሳያል። ሲጨንቀው ቢገፈትር «ጠበኛ» ይሉታል። ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ከክፍል ሊያስወጡት ሲሉ ድርጊቱ ከአካል ጉዳቱ የመጣ መሆን አለመሆኑን የሚመረምር ስብሰባ ማድረግ አለባቸው፤ አንቺም አባል ነሽ። «መጥተሽ ውሰጂው» እያሉ በየቀኑ የሚደውሉልሽ ከሆነም እያንዳንዱን ቀንና ሰዓት ጻፊ፣ ያም ከክፍል ማስወጣት ሊሆን ይችላል።

ኦቲዝም እንዳለበት ከተረጋገጠ ሜሪላንድ ውስጥ ኦቲዝም ዌቨር የሚባል አገልግሎት አለ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ስሙን በዚያው ሳምንት አስመዝግቢ። የሚያስፈልግሽ መቼ እንደሆነ ሳታውቂም ቢሆን አስመዝግቢ።

ፈቃዱን ከመፈረም ጋር እስከ አርብ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፊ፤ አጭር ይሁን። የልጁ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ «ልጄ በሁሉም ዘርፍ እንዲመዘን እጠይቃለሁ፣ ቤት የሚነገረው አማርኛ ነው፣ በአማርኛም ይመዘን፣ ለስብሰባው አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ሪፖርቶቹ ከስብሰባው በፊት ይድረሱኝ»፤ ቀንና ፊርማ። ለርዕሰ መምህሯ በኢሜይል ላኪ፣ አንድ ቅጂ አስቀሪ። ከዚያ እቤት የሚያደርገውን ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፊ፤ ምን ያስቀዋል፣ ምን ያስፈራዋል፣ ስንት ቃል ያውቃል፣ በየትኛው ቋንቋ። ስብሰባው ሲጀመር መጀመሪያ አንቺ አንብቢው፣ ሪፖርታቸውን ከማንበባቸው በፊት። ልጁን የሚያውቅ ሰው ይዘሽ የመግባት መብት አለሽ፤ ዴይኬር ይዛው የነበረችውን ሴትዮ ጠይቂያት። የስብሰባው ቀን ሲቆረጥ ንገሪኝ። ያን ቀን ታናሽየዋን እኔ እይዛታለሁ፣ ከሥራ ፈቃድ ከከለከሉሽም ከማኅበራችን ሺፍትሽን የምትሸፍንልሽ አንዲት አናጣም።